የታማራክ ሞል ቁልፎች

ሌሮይ ኑድሰን ሞቶ የተገኘው መሥራት ባቆመው የኤስካሌተር ደረጃ ግርጌ ነው። ያገኙት በየጠዋቱ ሞሉን እየዞሩ ሰውነታቸውን የሚያፍታቱ ጡረተኛ ባልና ሚስት ነበሩ። ጊዜው የ2006 ፌብሩዋሪ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ በፈረንጅ ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ ነው። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል። የሠራተኛ ኮፍያው ከራሱ ሦስት እርምጃ ርቃ ወድቃለች።

መርማሪ ዋቁማ ሆርዶፋ ሲደርስ የአስከሬን ሐኪሟ ተንበርክካ ስትሠራ አገኛት።

«ወድቆ ነው?» አላት።

«ወድቆማ ነው። ከደረጃው ላይ ወደ ኋላ ሄዶ የብረቱ ጠርዝ ማጅራቱን መትቶታል። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ግን አልሞተም።»

«እንግዲያው እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

ሐኪሟ የሟቹን ወገብ በእስክሪብቶዋ ጠቆመችው። የሱሪው ቀበቶ ማለፊያ ከነጨርቁ ተገንጥሏል። «እዚህ ላይ አንድ ነገር ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ሰው ስቦ ገንጥሎታል፤ ከባድ ነገር ነው።»

የተንጠለጠለው ምን እንደነበር ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አላስፈለገም። ሞሉ ውስጥ ሌሮይን የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው በቁልፎቹ ድምፅ ነበር። የጥገና ኃላፊ ነው። ሞሉ በ1974 በሩን ሲከፍት ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ የዘጠናውንም ሱቅ ቁልፍ በአንድ የብረት ቀለበት ይዞ ሲሄድ ከሩቅ ይሰማ ነበር። አሁን ቀለበቱ የለም።

ዋቁማ ቀና ብሎ ዙሪያውን ተመለከተ። ታማራክ ሞልን ያውቀዋል። በሰባት ዓመቱ ከነቀምት በሱዳን በኩል ሚኒሶታ የገባ ጊዜ፣ አባቱ የመጀመሪያውን ጃኬት የገዛለት እዚህ ነው። ያኔ ሰው ከሰው እየተጋፋ፣ መሐል ያለው ሰው ሠራሽ ምንጭ ውሃውን እስከ ጣሪያው እየረጨ፣ እናቱ እጁን ጨብጣ «እንዳትጠፋብኝ!» ትለው ነበር። ኤርፖርቱ አጠገብ ያ ትልቁ ሞል ከተከፈተ ወዲህ ግን ሰዉ ወደዚያው ነጎደ። ትልልቆቹ መደብሮች አንድ በአንድ ወጡ። አሁን ክፍት የሆኑት አሥራ ሁለት ሱቆች ናቸው፤ የብዙዎቹም ባለቤቶች ኪራዩ ሲረክስ የገቡ ሐበሾችና ሶማሌዎች ናቸው። ምንጩ ደርቋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሞሉ ካርታ ዛሬም ዘጠናውን ሱቅ ይዘረዝራል። ዋቁማ ካርታው ፊት ቆሞ የራሱን ቦታ ለማግኘት ጊዜ ወሰደበት። በመጨረሻ «እዚህ ነዎት» የሚለውን ቀይ ነጥብ አገኘው። ቁጥር 1 ከተጻፈበት ፎቅ ላይ ነው።

የሞሉ ሥራ አስኪያጅ ዳያን ሶልበርግ ቢሮዋ ከመሬት በታች፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው፤ የሕንፃው ማሞቂያ ካለበት ከቦይለሩ ክፍል ጎን። ሃምሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፀጉሯን አሳጥራ የተቆረጠች ሴት ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

«አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ እላይ ኩኪ እሸጥ ነበር» አለችው። «የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ያኔም ሌሮይ እዚሁ ነበር። አምፖል ሲቀይር መሰላሉን ይዤለታለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት አይተሽው ነበር?»

«አላየሁትም። ከስምንት ተኩል ጀምሮ ከዚህ ቤዝመንት አልወጣሁም። ጩኸቱን ስሰማ ነው የሮጥኩት።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ያውቃል?»

ዳያን ጠረጴዛዋን ተመለከተች። «ሰው ላይ ጣቴን መቀሰር አልፈልግም። ግን ሰኞ ዕለት ባድሩ፣ እላይ መጋረጃና ልብስ የሚሸጠው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኾበታል። ማሞቂያው ደጋግሞ ስለሚጠፋ ነው። ሌሮይ ሆን ብሎ የሚያጠፋው መስሎታል።»

ዋቁማ ወዲያው ባድሩ ጋ አልወጣም። አለቃው፣ ሳጅኑ፣ ሌላ ሐሳብ ነበረው። የመዳብ ዋጋ በናረበት በዚያ ዓመት ሌቦች ባዶ ሕንፃ እየገቡ ቧንቧ ይነቅሉ ነበር፤ ታማራክ ውስጥም የአንድ የተዘጋ መደብር ቧንቧ ባለፈው ወር ተነቅሎ ተወስዷል። ለእንዲህ ያለ ሌባ የሌሮይ ቀለበት ወርቅ ነው። ዋቁማ የረቡዕን ቀን ከሌክ ስትሪት ወዲያ ያሉ ቁርጥራጭ ብረት ገዢዎችን ሲያዳርስ ዋለ። ሲመሽ የታማራክን መዳብ የሸጠው ሰው ተገኘ። ግን ሰውየው ሁለት እግሩ በጄሶ ታስሮ ሆስፒታል ከተኛ አሥር ቀኑ ነው፤ ከጣሪያ ወድቆ።

ሐሙስ ጠዋት ዋቁማ በቆመው ኤስካሌተር በእግሩ ወጥቶ የባድሩን ሱቅ አንኳኳ።

ባድሩ የወሎ ሰው ነው፤ ከኮምቦልቻ። ለብዙ ዓመት የኤርፖርት ታክሲ ከነዳ በኋላ ነው ሱቁን የከፈተው። ካፖርቱን እንደደረበ ከመጋረጃዎቹ መሐል ወጣ። የኮሌጅ ተማሪዋ ልጁ ሀይፋ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ታያቸዋለች።

«አቶ ባድሩ፣ ዋቁማ እባላለሁ። ፖሊስ ነኝ።»

«ሐበሻ ነህ እንዴ?» ባድሩ ፊቱ ፈካ አለ። «አልሐምዱሊላህ፤ በቋንቋችን እንነጋገር።»

«ሰኞ ዕለት ከሌሮይ ጋር ተጣልተው ነበር ይባላል።»

የፈካው ፊት ተመልሶ ጠቆረ። «ተጣልቻለሁ፤ አልክድም። ከገና ጀምሮ እየበረደን ነው። ደንበኛ ገብቶ ጓንቱን ሳያወልቅ ይወጣል። ‘ልብህ በረዶ ነው’ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምንም። ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።»

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓትስ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ደጄ ላይ ትንሽ ቆሜ፣ ሲበርደኝ ገብቼ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ለኮስኩ። እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው፤ ሌላ ድምፅ አያሰማም። ታች አልወረድኩም።»

«አንዴም?»

«አንዴም አልወረድኩም አልኩህ'ኮ!»

«ዳድ፣ ካልም ዳውን» አለች ሀይፋ።

ባድሩ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወደ መጋረጃዎቹ ተመለሰ።  

ምስክር የተገኘችው ከእኩለ ቀን በፊት ነው። እትዬ ከሚሪያ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ስኳር ስላለባቸው ሐኪማቸው እንዲራመዱ አዟቸዋል፤ በረዶ ላይ መራመድ ስለማይችሉ ልጃቸው ጠዋት ጠዋት ሞሉ በር ላይ ያወርዳቸዋል። ጉልበታቸው ያማቸዋል። አንድ ዙር ሄደው ደረቁ ምንጭ ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ። ዋቁማ ያነጋገራቸው ኢገን በምትባለው ከተማ፣ አፓርታማቸው ሳሎን ውስጥ ነው።

«ትናንት ጠዋት ሞል ውስጥ ማንን አዩ፣ እትዬ?»

«ማን አለና ልጄ! ባዶ ቤት ነው። ባድሩን አየሁት። ያችን የቢሮዋን ፈረንጅም አይቻለሁ።»

«ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«ሦስት ሰዓት።»

ዋቁማ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለው ወጥመድ እንደማይይዘው ያውቃል። «በፈረንጆቹ ዘጠኝ ማለትዎ ነው?»

«እንዴታ፤ በነሱ ዘጠኝ።»

«ባድሩ የት ነበር?»

«አንደኛ ፎቅ ላይ፣ ከደረጃው አጠገብ ቆሟል። እጄን አንስቼ ሰላም ብለው አላየኝም። አንድ ሰው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እኔም ሄድኩ።»

«ሴትዮዋስ?»

«እሷ ምድር ቤት ነበረች። ቸኩላለች። የሞተውን ሽማግሌ ግን አላየሁትም፤ ምስኪን ሰው ነበር፣ ሁሌ በር ይይዝልኛል።»

ዋቁማ አፋን ኦሮሞን ከአባቱ፣ አማርኛን ከእናቱና ከእናቱ እንግዶች ነው የተማረው። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ቃላቸውን በእንግሊዝኛ ጻፈ። ባድሩ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ «ፈርስት ፍሎር»፣ ኤስካሌተሩ አጠገብ። ዳያን ሶልበርግ፣ ቤዝመንት። የዳያን ቃል ከምስክሯ ጋር ገጠመ። የባድሩ ግን አልገጠመም። አስከሬኑ የተገኘው ቁጥር 1 ፎቅ፣ ኤስካሌተሩ ግርጌ ነው፤ ባድሩ ደግሞ «ታች አልወረድኩም» ብሎ ድርቅ ብሏል።

ባድሩን ከሱቁ ሲያወጡት በፈረንጅ ሰዓት አሥራ ሁለት ተኩል፣ ማለትም ቀትር አለፍ ብሎ ነበር። ሱቅ ያላቸው ሁሉ በየደጃቸው ቆመው ያያሉ። ባድሩ ካቴናውን ሳይሆን ዋቁማን ነበር የሚመለከተው።

«ማን ነው ታች አየሁት ያለው?»

«ምስክር አለ፣ አቶ ባድሩ። እርስዎን የሚጠላ ሰውም አይደለም።»

«እንግዲያው ወይ እሱ አብዷል፣ ወይ እኔ አብጃለሁ» አለ ባድሩ።

ዋቁማ ያን ቀን ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ሳጅኑ ትከሻውን መታ አድርጎለታል። እሱ ግን ምሳውን ግማሽ ላይ ተወው። ቁልፎቹ አልተገኙም። የባድሩ ሱቅ፣ መኪናው፣ ቤቱ ተፈትሿል፤ የለም። ደግሞስ አንድ የመጋረጃ ነጋዴ በዘጠና ባዶ ሱቅ ቁልፍ ምን ያደርጋል? ሰውየውን በንዴት ገፍቶት ይሆናል እንበል፤ ታዲያ ቀለበቱን ስቦ ሱሪውን እስኪገነጥል ምን አስፈለገው? ነገሩን ከየትኛውም ጫፍ ቢይዘው ይተረተርበታል።

ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ሀይፋ ናት። አማርኛውን ትታ በእንግሊዝኛ ነበር የምትጮኸው።

«አባቴን አስራችሁ ማሞቂያውንም ዘጋችሁብን? ከትናንት ማታ ጀምሮ ጠፍቷል! ሁሉም ሱቁን እየዘጋ እየወጣ ነው!»

«ጠፋ? ጨርሶ?»

«ጨርሶ! ዕቃ ልወስድ መጥቼ ነው፤ እጄ ደርቋል!»

ዋቁማ ስልኩን ዘጋ። ማሞቂያው የጠፋው ሌሮይ ከሞተ በኋላ ነው። ባድሩ ደግሞ እስር ቤት ነው ያደረው።

ዐቃቤ ሕጉ ክስ ይመሥረት አይመሥረት እስከ ማታ ይወስናል፤ ምስክሯ የነበረችበትን የሚያሳይ ንድፍም ይፈልጋል። ዋቁማ እትዬ ከሚሪያን ከቤታቸው በመኪናው ወሰዳቸው። ሞሉ ውስጥ ሲገቡ ትንፋሻቸው እንደ ጭስ ይታይ ነበር።

«የተቀመጡበትን ያሳዩኝ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ ጉልበታቸውን ይዘው ምንጩ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ይኸው እዚህ።»

«ባድሩስ?»

እትዬ ከሚሪያ ቀና ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ጣታቸው ከኤስካሌተሩ ራስ ላይ፣ ከላይኛው ሰገነት የብረት መደገፊያ አጠገብ አረፈ። «እዚያ።»

ዋቁማ ጣታቸውን ተከትሎ አየ፤ ከዚያ እሳቸውን አየ። «አንደኛ ፎቅ ብለውኝ ነበር'ኮ።»

«ታዲያ ያ ምንድን ነው? አንደኛ ፎቅ ነው!»

«እኛ ያለንበትስ?»

«ይሄማ ምድር ነው።» ሴትዮዋ እንደ ሕፃን አዩት። «ልጄ፣ ፎቅ የሚቆጠረው'ኮ ከምድር ቤቱ በላይ ነው። አገር ቤት ፎቅ ወጥተህ አታውቅም?»

አያውቅም። በሰባት ዓመቱ ነው ከአገር የወጣው፤ ነቀምት ሳሉ ቤታቸው ባለ ቆርቆሮ ነበር። ፎቅ መቁጠር የተማረው እዚህ ነው፤ እዚህ ደግሞ ምድሩ ራሱ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሰዓቱን ያለስህተት ስለተረጎመ ሌላው ሁሉ የተተረጎመ መስሎት ነበር። 

«ሴትዮዋን ምድር ቤት አየኋት ብለውኛል» አለ። «ከሥር ያለው ቤዝመንት ውስጥ ማለትዎ ነበር?»

«ከሥርም አለ እንዴ? እኔ በዚህ ጉልበቴ ከሥር ምን ልሠራ? እዚሁ ነዋ! ከዚያ ከግራጫው በር ወጥታ፣ በፊቴ አልፋ ወደ ደረጃው ሄደች። ‘ሃይ’ ብላኛለች።»

ዋቁማ ምንጩ ጠርዝ ላይ አጠገባቸው ተቀመጠ። አንድ ስህተት ሁለት ሰው ዝቅ አድርጓል። ባድሩን ከላይ አውርዶ አስከሬኑ አጠገብ አቆመው፤ ዳያንን ደግሞ ከአስከሬኑ አጠገብ አንስቶ ከሥር ደበቃት። ስህተቱም የማንም አይደለም፤ የእሱ ነው።

እትዬ ከሚሪያ ፊቱን አዩት። «ጥፋት ተናገርኩ እንዴ?»

«እርስዎስ አልተናገሩም፣ እናቴ።»

ወደ ቤዝመንቱ ብቻውን ወረደ። የቦይለሩ ክፍል እንደ ጉድጓድ ቀዝቅዟል። ሙቀቱን ወደ ሕንፃው የሚለቀው ዋናው ቫልቭ ተዘግቷል፤ መንኮራኩሩ ላይ አዲስ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ አፉን የከፈተ ጓጉንቸር አለ። አልተሰበረም፣ አልተቆረጠም። በቁልፍ ነው የተከፈተው። ጥግ ላይ ባለው የሌሮይ የሥራ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ፣ የጥገና መመዝገቢያ ደብተሩ በእርሳስ በተጻፉ አጫጭር መስመሮች ተሞልቷል። «ቫልቩን ተዘግቶ አገኘሁት፤ ከፈትኩት።» በሦስተኛው ቀን፣ እንደገና። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ እንደገና። አሥራ አንድ ጊዜ። የመጨረሻው የተጻፈው ማክሰኞ ነው፦ «ሰንሰለት አሰርኩበት። ቁልፉ እኔ ጋ ብቻ ነው። አሁን ማንም አይዘጋውም።»

ዳያን ቢሮዋ ውስጥ ካፖርት ለብሳ ነበር። ዋቁማ ደብተሩን ፊቷ ላይ ዘርግቶ አስቀመጠው። አነበበችው። ገጹን ገለጠች፤ መልሳ አነበበችው።

«ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከዚህ ወጥተሻል» አላት። «ምንጩ አጠገብ የተቀመጡትን ሴትዮ ‘ሃይ’ ብለሻቸዋል።»

«ምስክሯ እኔን ቤዝመንት አየኋት ብላ የለም?» ዳያን በእውነት ግራ ተጋብታ ነበር። «ሳጅኑ ነግሮኛል።»

«አላሉም። እኔ ነኝ ያልኩት።»

የረዳት የመሰላት ነገር ከእጇ ሲወጣ ፊቷ ላይ ታየ። ብዙ አልታገለችም። ከመሳቢያዋ ሥር፣ ከድሮ የገና ጌጥ ካርቶን ውስጥ ቀለበቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። የዘጠና ሱቅ ቁልፍ።

«ባለቤቶቹ በረዶው ሳይቀልጥ ሕንፃው ባዶ ይሁን አሉኝ» አለች። «ሊያፈርሱት ነው። ተከራዮቹ ውል አላቸው፤ ማስወጣት አይቻልም። በራሳቸው ፈቃድ ከወጡ ግን… ከበረዳቸው ይወጣሉ ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም።»

«ሌሮይ ግን ይከፍተዋል።»

«ሁሌ! ‘ሰዎች አሉበት’ ይለኛል። ረቡዕ ዕለት ሰንሰለቱን አየሁ። ሌሮይን ልፈልገው ወጣሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ደረጃው ላይ አገኘሁት። ወደ ላይ እየወጣ ነበር። ‘ቁልፉን ስጠኝ’ አልኩት። ‘ዳያን፣ ሂጂ ቤትሽ’ አለኝ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ እንደ ልጅ። ከኋላው ቀለበቱን ያዝኩ። ሳብኩት። ያልተገነጠለ ጊዜ ደግሜ ሳብኩት።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ቁልፉን ብቻ ነበር የፈለግኩት።»

«አምቡላንስ ለምን አልጠራሽም?»

ዳያን ቀለበቱን በጣቷ ወደ እሱ ገፋችው።

ባድሩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ዋቁማ ለሳጅኑ የጻፈው ሪፖርት አንድ ገጽ ተኩል ሲሆን፣ የመጀመሪያው አንቀጽ የራሱን ስህተት የሚናገር ነበር። ሳጅኑ «ይህን ያህል መዘርዘር ያስፈልጋል?» ቢለው «ያስፈልጋል» አለው። ቅዳሜ ቀን፣ ሳይጠራ፣ ኢገን ወዳለው የባድሩ ቤት ሄዶ በሩን አንኳኳ።

ነገሩን ቆሞ ነገራቸው። ሀይፋ መጨረሻውን አልጠበቀችም።

«በአንድ ቃል? አባቴን በአንድ ቃል ጄይል አስገባኸው?»

«አዎ» አለ ዋቁማ።

«አንቺ ተይ» አለ ባድሩ። እስር ቤት ሳይተኛ ያደረበት ሌሊት ፊቱ ላይ ይነበባል። ከሶፋው ጫፍ ተቀመጠ። ሲናገር ግን የጠየቀው ስለ እስሩ አልነበረም።

«ማሞቂያውን ሲከፍትልን የነበረው ሌሮይ ነው?»

«አሥራ አንድ ጊዜ። ጽፎታል።»

«ሰኞ ስሰድበውስ ለምን አልነገረኝም? ‘እኔ አይደለሁም’ ማለት አቅቶት ነው?»

«ዳያንን ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቃታል። ሊያጋልጣት አልፈለገ ይሆናል። አላውቅም፣ አቶ ባድሩ።»

ባድሩ ተነሣና ካፖርቱን አነሳ። «ሚስት አለችው?»

«አለችው። አርሊን ትባላለች፤ ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው።»

«ውሰደኝ። የኔ እንግሊዝኛ የታክሲ ነው፤ ለዚህ አይሆንም። አንተ ትተረጉምልኛለህ።»

ዋቁማ ደነገጠ። «እኔ? ሀይፋ ብትሆን…»

«ሀይፋ መሐል ላይ ታለቅሳለች። አንተ ተርጉምልኝ።»

የአርሊን ኑድሰን ሳሎን ጎረቤት ባመጣው ምግብ ተሞልቶ ነበር። ነጭ ፀጉር ያላት ቀጭን ሴት ናት፤ ሁለቱንም በጨዋ ደንብ አስቀመጠቻቸው፤ ባድሩ ማን እንደሆነ ግን አላወቀችም።

ባድሩ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ተናገረ። «ሰኞ ዕለት ባልሽን ‘ልብህ በረዶ ነው’ ብዬ በሰው ፊት ሰድቤዋለሁ። ከብርድ የሚከላከልልኝ እሱ መሆኑን አላወቅኩም ነበር። እሱን ይቅርታ መጠየቅ አልችልም። አንቺን እጠይቃለሁ።»

ዋቁማ ቃል በቃል እየለቀመ ተረጎመው። «መከላከል» የሚለው ላይ ሲደርስ ቆመ፤ «እንደ ጠባቂ ነው ወይስ እንደ ጋሻ?» ብሎ ባድሩን ጠየቀው፤ ከዚያ ቀጠለ።

አርሊን እስኪጨርስ አዳመጠች። «መጋረጃ የሚሸጡት እርስዎ ነዎት?» አለች። «ሌሮይ ሰኞ ማታ ስለ እርስዎ ነግሮኛል።»

ዋቁማ ይህንን ተረጎመ። ባድሩ አንገቱን ደፋ።

«ጫማውን እያወለቀ ‘ዛሬ አንድ ሰው ጮኸብኝ’ አለኝ። ‘እውነቱን ነው፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ እጮህ ነበር’ አለኝ። ከዚያ ሰንሰለት ልግዛ ብሎ ወጣ።»

ዋቁማ አልቸኮለም። መጀመሪያ «እውነቱን ነው ያለው ሰውየውን ነው ወይስ ራሱን?» ብሎ አርሊንን ጠየቃት። «ሰውየውን ነው» አለችው። ከዚያ ወደ ባድሩ ዞሮ በአማርኛ ነገረው፤ አንድም ነገር ሳያስቀር።

ባድሩ ዓይኑን ከምንጣፉ ላይ አላነሣም።

«እንደገና በልልኝ» አለ።

ዋቁማም እንደገና ነገረው።